የጋስቶን ፌቡስ ርስት፦ የአንድ ፈረንሳዊ መስፍን ሕይወትና ውርስ

በመካከለኛው ዘመን ፈረንሳይ የአንድ መሳፍንት ቤት ዕጣ የሚወሰነው በጦር ሜዳ ብቻ አልነበረም፤ የጋብቻ ውል፣ ኑዛዜና የልጅ መኖር አለመኖር ከሰይፍ የማይተናነስ ጉልበት ነበራቸው። መሬት ከነሕዝቡ፣ ከነግብሩና ከነዳኝነቱ ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል። በብዙ አካባቢዎችም ወንድ ልጅ ከጠፋ ሴት ልጅ ወርሳ ግዛቷን ይዛ ባሏ ቤት ትገባለች። የዚህን ሥርዓት በረከትና መከራ የፏው ኮንት ጋስቶን ሣልሳዊ፣ በቅጽል ስሙ ፌቡስ፣ አሳምሮ ያሳየናል።

ነገሩ የሚጀምረው ገና ሳይወለድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1290 የቤያርን ጌታ ጋስቶን ሰባተኛ ወንድ ልጅ ሳይተካ ሞተ። ከአራት ሴቶች ልጆቹ ማርጌሪት ለፏ ኮንት፣ ማት ደግሞ ለአርማኛክ ኮንት ተድረው ነበር። ቤያርን ለማርጌሪት ሲደርስ አርማኛኮች ድርሻችን ተበላ አሉ። የእኅትማማቾች የውርስ ክርክር የሁለት ቤቶች ጠብ ሆኖ ለልጅ ልጅ ተረፈ።

ፌቡስ በ1331 ተወለደ። በ1343 አባቱ በስፔን ዘመቻ ላይ ሲሞት የ12 ዓመት ልጅ ስለነበር እናቱ አልየኖር ሞግዚት ሆነችለት። የወረሰው በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ የተራራቁ ሁለት ግዛቶችን ነው፤ በምሥራቅ ፏን፣ በምዕራብ ቤያርንን። በፏ የፈረንሳይ ንጉሥ ጌታው ነው፤ በቤያርን ላይ ግን የአኪቴን መስፍን የነበረው የእንግሊዝ ንጉሥ የበላይ ነኝ ይላል። የመቶ ዓመቱ ጦርነት ሁለቱን ነገሥታት ሲያፋጅ ፌቡስ በመካከላቸው ተያዘ። በ1347 የፈረንሳይ ንጉሥ መልእክተኛ ድጋፍ ሊጠይቀው ቢመጣ፣ ቤያርንን ያገኘሁት ከእግዚአብሔር እንጂ ከማንም ሰው አይደለም ብሎ መለሰው።

የአርማኛክ ጠብ በታኅሣሥ 1362 ሎናክ ላይ ለውጊያ ደረሰ። ፌቡስ ድል አድርጎ የአርማኛኩን ኮንትና ብዙ መኳንንት ማረከ፤ ከኮንቱ ብቻ የተጠየቀው ቤዛ 300 ሺህ ፍሎሪን ነበር። በዚህ ገንዘብና በየምድጃው ከሚሰበሰበው ግብር በደቡብ ፈረንሳይ ስሙ የሚጠራ ባለጸጋ ሆነ።

ውርሱን የሚቀበል ልጅ ግን አልቀናውም። ሚስቱን፣ የናቫር ንጉሥ የሻርልን እኅት አኜስን፣ ወንድሟ ቃል የገባላትን ሀብት አልከፈለም በሚል ጠብ አባረራት። አንድያ ሕጋዊ ልጃቸው ጋስቶን በ1380 አባቱን ሊመርዝ አሲሯል ተብሎ ተያዘ። በ1388 የፌቡስ መቀመጫ ወደነበረችው የቤያርን ከተማ ኦርቴዝ የደረሰው ታሪክ ጸሐፊ ፍሯሳር የሰማውን እንዲህ ይተርካል፦ ልጁ አጎቱ ሻርል የሰጠውን ዱቄት በደረቱ ደብቆ ተገኘ፤ ዱቄቱን የቀመሰ ውሻም ሞተ። ልጁ ታስሮ እህል አልቀምስም ሲል አባቱ ተቆጥቶ ገባ፤ በእጁ የያዘው ትንሽ ቢላ ጫፍ የልጁን አንገት ወጋ፤ ልጁም ሞተ።

ወራሽ ያጣው ፌቡስ በጥር 1390 በቱሉዝ ውል ግዛቱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሻርል ስድስተኛ ተናዘዘ። በነሐሴ 1391 ከድብ አደን ተመልሶ ለምግብ እጁን ሲታጠብ በድንገት ሞተ። የቤያርን ተወካዮች ግን ኦርቴዝ ላይ ተሰብስበው አገራቸው በውል እንድትተላለፍ አልፈቀዱም፤ ዘመዱን ማትዩ ደ ካስቴልቦንን መረጡ። ንጉሡም ገንዘብ ተቀብሎ መብቱን ለቀቀ። በ1398 ማትዩ ያለ ልጅ ሲሞት ርስቱ ለእኅቱ ለኢዛቤል አለፈ፤ በ1589 የፈረንሳይን ዙፋን የያዘው ሄንሪ አራተኛም ከእሷ ዘር ነው።

ፌቡስ የጻፈው የአደን መጽሐፍ እስከ ዛሬ ስሙን ያስጠራዋል። ከሕይወቱ የምንማረው ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፤ ርስት የጌታው ብቻ ሳይሆን በላዩ የሚኖረው ሕዝብም ነበር። ቤያርንን ለንጉሥ ከመተላለፍ ያዳናት ጌታዋ የፈረመው ውል ሳይሆን የልጆቿ እምቢታ ነው።