ስለ ዕፅ እስረኞች ምሕረትና ስለ ቅጽ ሻጮች

ዛሬ የምጽፈው ተቆጥቼ ስለ ሆነ ቃሌ ቢጠነክርባችሁ አትታዘቡኝ። በዚህ ሳምንት ልጃቸው በአሜሪካ ፌዴራል ወህኒ ቤት የታሰረባቸው አንዲት እናት፥ ነጠላቸውን እንደ ለበሱ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ጥብቅና ቢሮዬ መጥተው በላስቲክ የጠቀለሉትን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉልኝ። ወረቀቱ ለፕሬዚዳንቱ የሚቀርብ የምሕረት ማመልከቻ ነው፤ የሞላላቸውም «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ» የሚል የአገራችን ሰው ሲሆን፥ ለድካሙ የተቀበላቸው ገንዘብ የሁለት ወር ደመወዛቸውን ያህላል። ገለጥ ገለጥ ባደርገው፥ ቅጣቱን ፈጽሞ ከወጣ ቢያንስ አምስት ዓመት የሆነው ሰው የሚሞላው የይቅርታ ቅጽ እንጂ፥ ገና በእስራት ላይ ያለ ሰው የሚሞላው የቅጣት ማቅለያ ቅጽ ሆኖ አላገኘሁትም። ጥፋቱን በራስህ ቃል አስረዳ በሚለው ስፍራ ላይ «ልጁ ንጹሕ ነው፤ እግዚአብሔር ያውቃል» ተብሎ ተጽፎበታል። በግርጌው የሰፈረው ፊርማም የልጁ ሳይሆን የጉዳይ አስፈጻሚው ነው። ይህን ማመልከቻ ለማቅረብ ደግሞ መንግሥት አንዲት ሳንቲም አያስከፍልም።

እናቲቱ ገንዘባቸውን ለማያውቁት ሰው ያስረከቡት፥ «በዕፅ ወንጀል የታሰረ ሁሉ ሊፈታ ነው፤ ቀኑ ሳያልፍ አመልክቱ» የሚል የድምፅ መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰምተው ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላልና እሳቸውን አልወቅስም፤ የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ በሰው እንባ ላይ አዋጅ የሚያውጀውን ግን እወቅሳለሁ። በዕፅ የታሰረን ሁሉ በጅምላ የሚፈታ አዋጅ በዚህ አገር ወጥቶ አያውቅም። ፕሬዚዳንት ባይደን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ይቅርታ ያወጁት ማሪዋና ለራሳቸው በመያዝ የፌዴራልን ወይም የዋሽንግተን ዲሲን ሕግ ለተላለፉ ዜጎችና የግሪን ካርድ ባለቤቶች ብቻ ነው፤ በዚያ ጥፋት ብቻ በፌዴራል ወህኒ ቤት የሚገኝ አንድም ሰው እንዳልነበረ ባለሥልጣኖቻቸው በዚያው ቀን ተናግረዋል። እንግዲህ የማውቀውን በተራ ላስቀምጥ።

፩. የፕሬዚዳንቱ የምሕረት ሥልጣን ከሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ አንቀጽ ሁለተኛ ክፍል የሚመነጭ ሲሆን፥ የሚደርሰውም የፌዴራሉን ሕግ ለተላለፈ ሰው ብቻ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ የተፈረደበት ወደ ሪችመንድ፥ በሜሪላንድ ሕግ የተፈረደበት ወደ አናፖሊስ ጉዳዩን ይልካል እንጂ ዋይት ሃውስ ምንም አይፈይድለትም። የሜሪላንዱ ገዥ ዌስ ሙር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ከ175,000 ለሚበልጡ የማሪዋና ፍርዶች ይቅርታ የሰጡት በዚሁ በገዥነት ሥልጣናቸው ነው። የዲሲ ነገር ለብቻው ነው፤ ከተማይቱ ገዥ ስለሌላት በሕጓ የተፈረደበት ሰው ምሕረት የሚለምነው ፕሬዚዳንቱን ነው፤ የከተማይቱ የሎርተን ወህኒ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ከተዘጋ ወዲህም በከባድ ወንጀል የተቀጣው የዲሲ ሰው የሚታሰረው በፌዴራል ወህኒ ቤቶች ነው።

፪. ቅጣት ማቅለል የእስራቱን ዘመን ያሳጥራል፥ ፍርዱን ግን እንደ ነበረ ይተወዋል፤ ይቅርታ ደግሞ ፍርዱ ያስከተላቸውን እገዳዎች ያነሣል እንጂ ሰውዬውን ንጹሕ ነበር አያሰኝም። ስለዚህ በቅጹ ላይ «ንጹሕ ነው» ብሎ መጻፍ ራስን ከደጅ መመለስ ነው። መርማሪዎቹ የሚሹት ጥፋቱን የሚያምን፥ በወህኒ ቤት የተማረውንና የሠራውን በማስረጃ የሚያሳይ፥ ሲወጣ የት እንደሚያድርና ማን እንደሚቀበለው የሚናገር፥ ከሁሉም በላይ «ዛሬ ቢፈረድብኝ ኖሮ ቅጣቴ ይህን ያህል ብቻ ይሆን ነበር» ብሎ በሕግ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. የ1986ቱ ሕግ 5 ግራም ክራክ የያዘውንና 500 ግራም የኮኬይን ዱቄት የያዘውን እኩል ቢያንስ አምስት ዓመት ያስቀጣ ነበር፤ በ2010 የክራኩ መጠን ወደ 28 ግራም ከፍ አለ፤ አስቀድሞ ለተፈረደባቸውም ይደርሳቸው ዘንድ እስከ 2018 መጠበቅ ግድ ሆነ። ፕሬዚዳንት ኦባማ ቅጣታቸውን ያቀለሉላቸው 1,715 እስረኞች፥ ፕሬዚዳንት ባይደንም በጥር 2025 በአንድ ቀን ያቀለሉላቸው ወደ 2,500 የሚጠጉ ሰዎች በአብዛኛው ሕጉ ተሻሽሎ እነርሱን ወደ ኋላ የተዋቸው የዕፅ እስረኞች ነበሩ። ማመልከቻው ውድቅ የሆነበት ሰው ደግሞ እንደገና ለማመልከት አንድ ዓመት ይጠብቃል፤ በተበላሸ ቅጽ የሚጠፋው እንግዲህ ይህ ዓመት ነው።

፫. «አመክሮው መቼ ነው?» ለምትሉኝ፦ በአገራችን የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመ እስረኛ በአመክሮ ይለቀቅ ዘንድ የሚፈቅደው ዓይነት ሥርዓት፥ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1 ቀን 1987 ጀምሮ ለተፈጸመ የፌዴራል ወንጀል የለም፤ ቨርጂኒያም ከ1995 ጀምሮ ሽራዋለች። በፌዴራል ያለው፥ ለመልካም ጠባይ በዓመት እስከ 54 ቀን መቀነስ፥ ከዚያም በላይ በ2018 በወጣው «ፈርስት ስቴፕ» በተባለው ሕግ መሠረት በትምህርትና በሥራ ለተሳተፈበት ለየ30 ቀኑ 10 ወይም 15 ቀን ማግኘት ነው። ይህ ልመና ሳይሆን በሕግ የተሰጠ መብት ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ የዕፅ ወንጀሎች ከ«ፈርስት ስቴፕ» ቅናሽ ተለይተው ወጥተዋል፤ የመጨረሻ የመባረር ትእዛዝ የተሰጠበት ስደተኛም ያጠራቀመውን ቀን ሊጠቀምበት አይችልም።

እነሆ ሌት ተቀን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ደረስኩ፤ ቁጥሩም እዚህ ላይ ይቅር። ወገኖቼ ስለ ምሕረት ሲነጋገሩ የሚታያቸው የወህኒው በር መከፈት ብቻ ነው። ዜግነት የሌለው ልጅ ግን ቅጣቱ በምሕረት ቀለለለትም በሕግ ጨረሰውም፥ ኢሚግሬሽን «ሆልድ» አስቀምጦበት እንደ ሆነ፥ እናቱ አበባ ይዛ በበሩ በኩል ስትጠብቀው የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪው የአይስ ሰዎች ተረክበው ወደ ሌላ እስር ቤት ይወስዱታል፤ ቅጣት ማቅለል ፍርዱን አልነካምና የመባረሩ ምክንያት ባለበት ጸንቶ ይኖራል።

«ታዲያ ሙሉ ይቅርታ ቢያገኝስ?» ትሉኛላችሁ። መልሱ መራራ ነው፤ የስደት ሕጉ በፕሬዚዳንት ወይም በገዥ ሙሉ ይቅርታ የተደረገለት ሰው እንዳይባረር የሚከለክለው በነውረኛ ወንጀልና በከባድ ወንጀል መደብ ሲከሰስ ነው፤ በዕፅ መደብ ለሚከሰስ ሰው ግን ይህን መከላከያ ነፍጎታል። ነፍሰ ገዳይ በገዥ ይቅርታ ሊድን ሲችል፥ ኮኬይን በኪሱ የተገኘበት ጎረምሳ በዚያው ይቅርታ አይድንም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የአሜሪካ ምክር ቤት በዕፅ ላይ በተቆጣበት ዘመን የገባው ይህ አድልዎ እስከ ዛሬ አልተነቀለም። ባለሥልጣኖች በካሜራ ፊት ቆመው ምሕረት ሲያውጁ ይህችን ነገር አያነሡአትም፤ የእኛም ጋዜጠኞች አይጠይቁም።

ከዚያም የማሪዋናው መዘዝ አለ። «በዲሲም በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ተፈቅዷል፥ መዝገቤም ተሰርዞልኛል» የሚል የግሪን ካርድ ባለቤት ለገና ወደ አዲስ አበባ ትኬት ይቆርጣል። እዚሁ አሜሪካ ቢቀመጥ ኖሮ፥ ከ30 ግራም የማይበልጥ ማሪዋና ለራሱ ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘን ሰው ሕጉ አያባርረውም ነበር፤ ከአገር ወጥቶ ሲመለስ ግን በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እንደ አዲስ መግባት እንደሚለምን ሰው ሊቆጠርና ሊያዝ ይችላል። ክፍለ ሀገር በምሕረት የሰረዘው መዝገብ በኢሚግሬሽን ዓይን አልተሰረዘም፤ በፌዴራል ሕግ ማሪዋና ዛሬም ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ነው። ስለ ጫትም «ቅጠል ነው» እያላችሁ አታዋዙ፤ በእርጥቡ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ሄሮይን በተመደበበት በአንደኛው መደብ ውስጥ ነው፤ የ2022ቱ ይቅርታም ማሪዋናን ብቻ እንጂ ጫትን አይነካም።

መድኃኒቱ እንግዲህ ከዋይት ሃውስ ይልቅ የፈረደው ፍርድ ቤት ጋ ነው፤ ይኸውም ፍርዱ በሕግ ስሕተት ምክንያት እንዲሻር መጠየቅ ነው። ለምሳሌ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነኝ ሲል ከአገር እንደሚባረር ጠበቃው ሳይነግረው ቀርቶ እንደ ሆነ ይህን መጠየቅ ይችላል፤ በቬትናም ጦርነት ያገለገለ፥ ከአርባ ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት የኖረ ሆሴ ፓዲያ የሚባል የጭነት መኪና ነጂ ማሪዋና ሲያጓጉዝ ተይዞ በተነሣው ክርክር፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ጠበቃ ይህን የመንገር ግዴታ አለበት ሲል በይኗል። ከዚያ በፊት ፍርዳቸው ለጸና ሰዎች ግን ብያኔው እንደማይደርሳቸው በ2013 ወሰነ። ፍርዱ የሚሻረው ለስሕተት መሆን አለበት፤ ለርኅራኄ ብቻ፥ ወይም እንዳይባረር ብቻ ተብሎ የተሻረ ፍርድ በኢሚግሬሽን ዘንድ እንዳልተሻረ ይቆጠራል። እኔን የሚያቃጥለኝ፥ ብያኔው ከወጣ ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ እንኳ ደንበኛቸውን «ዜጋ ነህ ወይ?» ብለው ሳይጠይቁ ሁለት ደቂቃ በኮሪደር አነጋግረው የሚያስፈርሙ የሙያ ባልንጀሮቼ ዛሬም መኖራቸው ነው።

ስለ ተቋሞቹም ዝም አልልም። የምሕረት ማመልከቻ የሚመረመርበት ጽሕፈት ቤት በዚያው እስረኛውን በከሰሰው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው፤ ከዚያ ወደ ምክትል ሚኒስትሩ፥ ከዚያም ወደ ፕሬዚዳንቱ የሕግ አማካሪ እየተንከባለለ ዓመታት ይፈጃል። በዕድሜ ልክ እስራት ከሃያ ዓመት በላይ የታሰሩት አሊስ ጆንሰን በ2018 የወጡት ዝነኛዋ ኪም ካርዳሺያን ዋይት ሃውስ ገብታ ካማለደችላቸው ከጥቂት ቀን በኋላ ነው፤ ሴትዮዋ ይገባቸው ነበር፥ አልቃወምም። ነገር ግን አማላጅ የሌላት፥ የሌሊት ጽዳት ሠርታ የምታድር እናት በየትኛው በር ትግባ? የእኛ ማኅበሮች ደግሞ አንድ ልጅ ሲታሰር በአንድ እሑድ ሺህ ፊርማ ሰብስበው ይበተናሉ። ምሕላውም ጸሎቱም ለነፍስ ነው፥ አልነቅፈውም፤ ልጁን የማያውቁ ሰዎች ሺህ ፊርማ ግን ቀጥሮ ሊያሠራው ቃል ከገባ የአንድ ባለሱቅ ደብዳቤ አይበልጥም። ለራት ግብዣ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ የአንድ ሰዓት ምክር ቢውል ስንቱን ባዳነ!

የምለምናችሁ ይህን ነው። ልጃችሁ ገና ያልተፈረደበት ከሆነ ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት፥ ተፈርዶበት ከሆነም ማንኛውንም የምሕረት ቅጽ ከመላኩ በፊት፥ ዜግነት እንዳለው ወይም እንደሌለው ለጠበቃው በግልጽ ንገሩ፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃም አማክሩ። በዕፅ የተፈረደበትና ዜግነት ያልወሰደ ሰው ሳያማክር ድንበር አይሻገር። ያን የድምፅ መልእክት የላከላችሁ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ መልሳችሁ ላኩለት። የምሕረት ቅጹ በነጻ ይገኛል፤ የሚፈርምበትም እስረኛው ራሱ ብቻ ነው።