ሳይለያዩ የደረቁት

እ.ኤ.አ. በ1977 በጃፓን ቶካይ መንደር፣ ያገለገለ የኒውክሌር ነዳጅን መልሶ የሚያጣራ ፋብሪካ ተሠርቶ አልቋል፤ ሥራ ግን አልጀመረም። ነዳጁ ከአሜሪካ የተገዛ ስለነበር ያለ ዋሽንግተን ይሁንታ አይነካም። ሕንድ ከሦስት ዓመት በፊት ካገለገለ ነዳጅ በተጣራ ፕሉቶኒየም የኒውክሌር ፍንዳታ ሞክራለች። ለፕሬዚዳንት ካርተር መንግሥትም ተጣርቶ ለብቻው የተቀመጠ ፕሉቶኒየም ቦምብ ሆኖ ነበር የሚታየው።

የሁለቱ አገሮች ክርክር በሴፕቴምበር በስምምነት አለቀ፦ ፋብሪካው ይከፈት፤ ፕሉቶኒየሙን ለብቻው ዱቄት የሚያደርገው ክፍል ግን ይዘግይ፤ ከዩራኒየም ጋር ቀላቅሎ የማምረት ዘዴም ይፈለግ።

አሁን ጣጣው ወደ ኬሚስቶቹ ዞረ። የለመዱት ዘዴ በናይትሪክ አሲድ በሟሟው ፕሉቶኒየም ላይ ኦክሳሊክ አሲድ ጨምሮ ማዝቀጥ፣ አጥልሎም መጥበስ ነበር። ዩራኒየም አብሮ ካለ ግን ፕሉቶኒየሙ ሲዘቅጥ እሱ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ዘዴው ራሱ ይለያያቸዋል!

ታዲያ ምንም ሳይጨምሩ ድብልቁን እንዳለ ቢያደርቁትስ? ከውጭ በሚመጣ ሙቀት ግን ዳሩ ሲያር መሀሉ ገና ፈሳሽ ነው። መላው የተገኘው ከማይክሮዌቭ ነው። በ1945 የሬይተን ኩባንያ መሐንዲስ ፐርሲ ስፔንሰር ማይክሮዌቭ የሚያመነጭ የራዳር መሣሪያ አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ቀልጦበት ነበር። ይህ ሞገድ ዕቃውን አሙቆ ሳይሆን ፈሳሹን ራሱን ከውስጥ ያሞቃል።

የሁለቱ ብረቶች ናይትሬቶች፣ ዩራኒየምና ፕሉቶኒየም እኩል ሆነው፣ ዝርግ ሳህን ላይ ይፈስሳሉ። ሳህኑ ጥልቀት የሌለው በምክንያት ነው፤ ፕሉቶኒየም አንድ ቦታ ከተከመረ ሰንሰለታዊ የኒውክሌር አጸግብሮት ሊነሣ ይችላል። ፈሳሹ ይፈላል፣ እንደ ሽሮ እየወፈረ ይንተከተካል፣ የናይትሮጂን ኦክሳይድ ጋዞችን ያወጣል፣ በመጨረሻም ሳህኑ ላይ ደርቆ ይጋገራል። ተፍቆ፣ ተፈጭቶ፣ በምድጃ ተቃጥሎ፣ በሃይድሮጂን ትርፍ ኦክስጅኑ ሲነሣለት የነዳጅ ዱቄት ይሆናል። የማዝቀጫ ኬሚካል ስላልገባበትም የሚተርፈው ቆሻሻ ፈሳሽ ጥቂት ነው።

በ1983 በቀን 10 ኪሎ ቅይጥ ዱቄት የማምረት አቅም ያለው ክፍል ቶካይ ላይ ሥራ ጀመረ።

ቅይጡ ቦምብን የማይቻል አላደረገውም፤ የፈለገ አካል እንደገና አሟሙቶ ሊለያቸው ይችላል። ግን ያን ለማድረግ ሌላ የኬሚካል ፋብሪካ ያስፈልገዋል። ተደራዳሪዎቹ የፈለጉት ይህንኑ እንቅፋት ነበር፤ ያገኙትም ከዝርግ ሳህን ላይ ነው።