ሳይታሰብ የሚነካ የስልክ ገጽ

የእጅ ስልክ ከኪስ ውስጥ እንዳለ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ሲደውል አጋጥሟችሁ ይሆናል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ለእርሱ ያልታሰበ ንግግር ይሰማል፤ የደዋዩም ሂሳብ በከንቱ ያልቃል። ይህ ለምን ይሆናል? እንዴትስ ይከላከሉታል?

የዛሬ ስልኮች ገጽ በአብዛኛው የሚታዘዘው በግፊት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ነው። ከመስተዋቱ ሥር ብርሃን የሚያሳልፍና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ንጣፍ አለ። የሰው ገላም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ ጣት ገጹን ሲነካ በዚያ ቦታ ያለው የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይለወጣል፤ ስልኩም ለውጡን እንደ ትእዛዝ ይቀበላል። ይሁን እንጂ ጣትን ከጉንጭ ወይም ከውሃ ጠብታ ሁልጊዜ አይለይም። ስስ የኪስ ጨርቅም ገላን ከገጹ ፈጽሞ አይጋርድም።

ሠሪዎቹ ለዚህ መከላከያ አበጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው አይፎን፣ በንግግር ጊዜ ስልኩ ወደ ጆሮ ሲቀርብ ገጹን የሚያጠፋ መሣሪያ ነበረው። በብዕር የሚጻፍባቸው ብዙ ታብሌቶችም ሰፊውን የመዳፍ ንክኪ ከቀጭኑ የብዕር ጫፍ ለይተው ችላ ይሉታል።

የቀረው የባለቤቱ ድርሻ ነው። ስልኩን ወደ ኪሳችሁ ከመክተታችሁ በፊት ገጹን ቆልፉ፤ መክፈቻውንም በምስጢር ቁጥር አጽኑ። ገጹ ሲርስ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። መሣሪያው ንክኪን እንጂ ሐሳብን አያውቅምና፣ ያልታሰበ መልእክት ከተላከ በኋላ ከመጸጸት አስቀድሞ መቆለፍ ይሻላል።

መልመጃ፦ «ስለዚህ» እና «ይሁን እንጂ» የተባሉትን አያያዦች በመጠቀም፣ የአንድን የቤት ዕቃ አሠራር በአንድ አንቀጽ ግለጹ።