ቤት የሚያቀዘቅዘው ኤሲ ራሱ ሲግል ምን እናድርግ?

 

በድሬዳዋና በአፋር ከተሞች ለሚኖር ቤተሰብ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በእነዚህ ወራት ኤሲ ለአንዳንዱ ቤት የምቾት ጉዳይ ሲሆን፣ አራስ ልጅ፣ የልብ ሕመምተኛ ወይም አልጋ የያዙ አዛውንት ላሉበት ቤት ግን የጤና ጉዳይ ነው። ታዲያ ሙቀቱ በበረታበት ቀትር ላይ ኤሲው ድንገት ቆሞ አንድ ፊደልና ቁጥር ብቻ ሲያሳይ ቤተሰቡ ይደናገጣል፤ ያገኘውን ሠራተኛ ይጠራል፤ የተጠየቀውንም ይከፍላል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ችግሩ ከምን እንደሚመጣ፣ የቱን ቤተሰቡ ራሱ ሊያስተካክለው እንደሚችልና የቱን ለባለሙያ መተው እንዳለበት ለማሳየት እንሞክራለን።

ኤሲ የሚግለው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ኤሲ ቅዝቃዜን የሚያመርት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የኤሲ ሥራ ሙቀትን ከቤት ውስጥ ተሸክሞ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ክፍል ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ የቤቱን ሙቀት ይቀበላል። ውጭ ያለው ኮምፕረሰር ይህንኑ ጋዝ አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ ጋዙም ሲጨመቅ በጣም ይግላል። ከዚያም የውጭው ማራገቢያ በስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች መካከል አየር እያሳለፈ ሙቀቱን ያስወጣል። ይህ ሙቀት መውጫ ካጣ ኮምፕረሰሩ ከመጠን በላይ ይግላል። በቱቦው ላይ የተገጠመችው የሙቀት መለኪያ፣ ማለትም ሴንሰሯ፣ ይህን ስታመለክት ማሽኑ ሳይቃጠል ራሱን ያቆማል። ስለሆነም የሚታየው ምልክት ማሽኑን ከጥፋት የሚጠብቅ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ልንረዳ ይገባል።

ምልክቱ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ለምሳሌ በብዙዎቹ የዳይኪን ኤሲዎች «ኤፍ 3»፣ በብዙዎቹ የግሪ ኤሲዎች ደግሞ «ኢ 4» ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው ጋዝ ከመጠን በላይ መጋሉን ያመለክታል። ይኸው «ኢ 4» በሌላ ፋብሪካ ኤሲ ላይ ፍጹም የተለየ ትርጉም ሊኖረው ስለሚችል፣ ከዕቃው ጋር የመጣችውን መመሪያ መጽሐፍ ሳይመለከቱ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

በስንት ሰዓት ነው የሚቆመው?

ባለሙያ ከመጥራታችን በፊት ይህን ጥያቄ ብንመልስ የሥራው ግማሽ ያልቃል። ቀትር ላይ ብቻ የሚቆምና ማታ ደህና የሚሠራ ከሆነ፣ የውጭው ክፍል በአቧራ ተደፍኖ ወይም አየር አጥቶ ሊሆን ይችላል። ሰፈሩ ሁሉ መብራት በሚያበራበት ምሽት የሚቆም ከሆነ የኤሌክትሪኩን ኃይል መጠርጠር ይገባል። የሀገራችን መብራት 220 ቮልት ሲሆን፣ ከ200 በታች እየወረደ ከሄደ ኮምፕረሰሩ እየተጨነቀ ይግላል። በቀዝቃዛው ማለዳ እንኳ እንደተነሣ የሚቆም ከሆነ ግን ችግሩ የማራገቢያው፣ የጋዙ ወይም የሴንሰሯ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ቤተሰቡ ራሱ ሊያደርገው የሚችለው

1ኛ/ ኤሲውን አጥፍቶ ብሬከሩንም ማውረድ። ይህ ሳይደረግ ምንም ነገር መንካት አይገባም።

2ኛ/ በውጭው ክፍል ዙሪያ ያለውን መመልከት። ካርቶን፣ ጆንያ፣ የተሰጣ ልብስ ወይም የተከመረ ዕቃ ካለ ማንሣት ያስፈልጋል። ከፀሐይ ለመከለል ከላይ ጥላ ማድረግ መልካም ነው፤ ዙሪያውን በቆርቆሮ ማጠር ግን የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ እንዲስበው ያደርጋል።

3ኛ/ የአሉሚኒየሙን ቅጠሎች ማጽዳት። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማርገፍ፣ ቀጥሎ ቀስ ባለ ውኃ ማጠብ። መኪና የሚታጠብበት ኃይለኛ ውኃ ቅጠሎቹን ስለሚያጣምም አይሆንም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ጎንም ውኃ መግባት የለበትም።

4ኛ/ የውስጠኛውን ክፍል ማጣሪያ አውጥቶ ማጠብና ጥላ ላይ ማድረቅ። አቧራ በሚበዛበት ወቅት በየ2 ሳምንቱ ቢደረግ ይመረጣል።

5ኛ/ ሁሉም ከደረቀ በኋላ ማስነሣት። የውጭው ማራገቢያ መዞሩን፣ የሚያወጣውም አየር ከአካባቢው አየር ይበልጥ የሞቀ መሆኑን ማየት ነው። ኮምፕረሰሩ እየሠራ ማራገቢያው ካልዞረ ወዲያውኑ ማጥፋት ያስፈልጋል።

«ጋዝ አልቋል» ሲባል

በዚህ ጉዳይ ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን ያባክናል። እኛ የምናውቀው አንድ ቤተሰብ በአንድ በጋ ውስጥ 3 ጊዜ ጋዝ አስሞልቷል። መጨረሻ ላይ የመጣው ባለሙያ ማሽኑን ሳይከፍት በፊት ዙሪያውን የታጠረውን ቆርቆሮ አስነሣ፤ ኤሲውም መሥራቱን ቀጠለ።

የኤሲ ጋዝ እንደ ምድጃ ጋዝ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዘዋወር በመሆኑ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ጋዝ ሲጎድል ኮምፕረሰሩ የሚያቀዘቅዘው ስለሚያጣ መጋሉ እውነት ነው። ምልክቱም በቀጭኑ ቱቦ ላይ በረዶ መያዝ ወይም በመጋጠሚያው ላይ የዘይት እድፍ መታየት ነው። ስለዚህ ሠራተኛውን «የሚያፈሰው የት ነው?» ብለን መጠየቅ መብታችን ነው። የሚያፈስበት ሳይደፈን የተሞላ ጋዝ ተመልሶ ይወጣል። ሲሞላም በዕቃው ላይ የተጻፈው የጋዝ ዓይነት በሚዛን ተለክቶ መሆን አለበት፤ ከመጠን በላይ መሙላትም ያግላልና።

ፈጽሞ መደረግ የሌለበት

ሴንሰሯን ቆርጦ በቀጥታ ማገናኘት ኮምፕረሰሩን ማቃጠል፣ አልፎም እሳት መጋበዝ ነው። የውጭውን ክፍል ክዳን መክፈትም የቤተሰብ ሥራ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር መብራቱ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ ሰው ሊጎዳ ይችላል። በተለይ ወጣቶቻችን ሙያውን ሳይማሩ እንዳይሞክሩት አደራ እንላለን።

እስኪጠገን ድረስ

አዛውንቶችንና ሕፃናትን ነፋሻ ወደሆነ ክፍል ማዛወር፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት፣ ሰውነታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ይገባል። በሙቀት መካከል አንድ ሰው ሰውነቱ እንደ እሳት ግሎ መቀባዠር ወይም መፍዘዝ ከጀመረ፣ ውኃ እያፈሰሱ እያራገቡ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ኤሲ ስናስተክል የሚያወጣው ትኩስ አየር በጎረቤት መስኮት ላይ እንዳያርፍ እንጠንቀቅ። ጎረቤትም ሐቅ አለው። ሙቀቱ ሳይገባ በፊት በሚያዝያ ወር አንድ ጠዋት ለጽዳቱ ብንመድብ፣ በግንቦት ቀትር ከሚመጣው ድንጋጤና ወጪ ኢንሻአላህ እንድናለን።