የኪሮሽ ክር ከየት እንግዛ? ጥሩ ሱቅ ማለት ርካሹ ሱቅ ብቻ አይደለም

እንበል አንዲት ልጅ በኪሮሽ ቦርሳ እየሠራች ነው። ሦስት አራተኛው አልቋል። ደንበኛዋ ቀብድ ከፍላለች፣ ቅዳሜ ለሠርግ ትይዘዋለች። ክሩ ግን አለቀ። የገዛችበት ሱቅ ስትመለስ "ያ ከለር አልቋል፣ ይሄኛው ግን ያው ነው" ይሏታል። ቤት ወስዳ ስትቀጥለው ያው አይደለም። ቦርሳው መሀል ላይ ቁልጭ ያለ መስመር ወጣ። ያላት ምርጫ ሁለት ነው፦ ፈትታ እንደገና መጀመር፣ ወይም ቀብድ መመለስ።

ቦርሳ፣ ቶፕ፣ ኮፍያ፣ አሻንጉሊት ምናምን እየሠራችሁ በቴሌግራምና በቲክቶክ የምትሸጡ ልጆች ይሄ ታሪክ አዲስ አይሆንባችሁም። ስለዚህ "ርካሽ ክር የት አለ?" የሚለው ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሙሉው እንዲህ ነው፦ ያንኑ ክር ከወር በኋላም በተመጣጣኝ ዋጋ የማገኘው የት ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ መልስ እንዴት እንደሚፈለግ እንይ።

መርካቶ፦ የ"ተራ"ን አሠራር ማወቅ

መርካቶ ሲታይ ትርምስ ይመስላል እንጂ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱ ስሙ ላይ ነው፤ ምናለሽ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ቦምብ ተራ። ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለገዢ ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ስድስት ሱቅ ጠይቃችሁ የዕለቱን ትክክለኛ ዋጋ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው ሱቅ ላይ አትግዙ። ሦስት ሱቅ ጠይቁ፣ ከዚያ ተመለሱ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ነጋዴው የጠየቃችሁት ከለር ከሌለው "ቆይ ላምጣልሽ" ብሎ ልጅ ይልካል። ልጁ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ሱቅ ነው፤ ዋጋው ላይ የሚጨመርባችሁም ለዚህ ነው። ከተቻለ ባለቤቱ ሱቅ ራሳችሁ ሂዱ። በሚቀጥለው ጊዜ የምትፈልጉት እሱን ነውና።

ሌላው ጅምላና ችርቻሮ ነው። ብዙ ሱቅ አንድ ሙሉ ፓኬት ስትወስዱ ዋጋ ይቀንሳል። ብቻችሁን ፓኬት መግዛት ከከበዳችሁ ሦስት ጓደኛሞች ሆናችሁ አዋጡ። ፓኬቱን ከመክፈላችሁ በፊት ግን ውስጡ ያሉት ልቃቂቶች በሙሉ አንድ ከለርና አንድ ሎት መሆናቸውን እዩ (ሎት ምን እንደሆነ ከታች አለላችሁ)።

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ አካባቢ የተነሳው ከባድ እሳት ብዙ ሱቆችን አውድሟል። በኮሪደር ልማት ምክንያትም በከተማው ብዙ ሱቆች ቦታ ቀይረዋል። ከሁለት ዓመት በፊት የተለጠፈ "እዚህ ሂዱ" የሚል ቪዲዮ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ጥሩ ሱቅ ስታገኙ የሕንፃውን ስም፣ ፎቁን፣ የሱቅ ቁጥሩንና ስልኩን ጻፉ። ካርታ ላይ ፒን ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ፒኑ ሕንፃው ጋ ያደርሳችኋል እንጂ ሦስተኛ ፎቅ የቱ በር እንደሆነ አይነግራችሁም።

ሽሮ ሜዳ፦ ለጥጥ ክር

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ያለውን ሽሮ ሜዳን አብዛኞቻችን የምናውቀው በሐበሻ ልብስ ነው። ልብሱ ያለበት ደግሞ ሸማኔ አለ፣ ሸማኔ ያለበት ክር አለ። በአካባቢው የሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ መነሻቸው ጋሞ ነው። የሚሠሩበት ክር ሁለት ዓይነት ነው፦ ድርና ማግ። ድሩ ዛሬ በአብዛኛው የፋብሪካ ጥጥ ነው፤ ቀጭንና እኩል የሆነ። ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ሲሆን ወፈር ቀጠን ይላል፣ ለስለስ ያለም ነው። ለጥለት የሚሆን ባለቀለም ክርም አለ።

ለኪሮሽ ምን ይጠቅመናል? ድር ብቻውን በጣም ቀጭን ነው፤ ሦስት አራቱን አንድ ላይ ይዛችሁ ስትሠሩት ግን ለቦርሳ፣ ለጠረጴዛ ልብስና ለበጋ ቶፕ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ሸማኔው በየቀኑ ስለሚፈልገው ነጭ የጥጥ ክር በቀላሉ ከገበያ አይጠፋም። "ያንኑ ክር ደግሜ አገኘዋለሁ ወይ?" ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ብዙ የለም። ማግ ደግሞ ጠበቅ አድርጋችሁ ከሳባችሁት ይበጠሳል፤ ትልቅ ኪሮሽና ቀለል ያለ እጅ ይፈልጋል።

ጥጥ ሲታጠብ ሊሰበሰብ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ 10 በ10 ሴንቲሜትር የምታህል ናሙና ሥሩ፣ እጠቡ፣ አድርቁና እንደገና ለኩ። የደንበኛ ቶፕ ከታጠበ በኋላ የታናሽ እህቷ እንዳይሆን።

ቴሌግራምና ሻንጣ

የቴሌግራም ሱቆች ጥሩ ነገር አላቸው፤ ክፍለ ሀገር ላለ ሰውማ አማራጭ ላይኖር ይችላል። ግን የክሩን ቆንጆ ፎቶ አይታችሁ አትግዙ። የምትጠይቁት ፎቶ ክሩ ላይ የተጠቀለለውን ወረቀት ነው፤ ግራሙ፣ ሜትሩና የሎት ቁጥሩ እንዲነበብ። ከለሩን ደግሞ በቀን ብርሃን፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው እንዲያነሱላችሁ ጠይቁ። የሱቅ መብራት ክሬሙን ነጭ፣ ወይን ጠጁን ቡናማ ያስመስላል። ለማታውቁት ሻጭ በቴሌብር ቀድማችሁ ሙሉ ክፍያ አትላኩ። እዚያው ከተማ ከሆናችሁ ዕቃውን አይታችሁ ክፈሉ። ሩቅ ከሆናችሁ መጀመሪያ ትንሽ ገዝታችሁ ሞክሯቸው።

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ክርም አለ። ጥራቱ ደስ ይላል። ግን ትዕዛዝ አትቀበሉበት። ሲያልቅ ቀጣዩ ሻንጣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅማ። ለራሳችሁ ወይም ለስጦታ፣ ተጀምሮ በዚያው ለሚያልቅ ሥራ ይሁን።

ወረቀቱን ማንበብ

ክሩ ላይ ያለው ትንሽ ወረቀት ሦስት ወሳኝ ነገር ይነግራችኋል።

አንደኛ፣ ግራምና ሜትር። ዋጋን በልቃቂት አታወዳድሩ፣ በሜትር አወዳድሩ። ለስሌት ያህል፦ አንዱ 50 ግራም፣ 100 ሜትር፣ 130 ብር። ሌላው 100 ግራም፣ 200 ሜትር፣ 240 ብር። የመጀመሪያው ርካሽ ይመስላል። ግን ሜትሩ 1 ብር ከ30 ነው፤ የሁለተኛው 1 ብር ከ20። 1000 ሜትር ለሚጨርስ ሥራ የ100 ብር ልዩነት ነው። ይህን የምታደርጉት ግን ውፍረታቸው እኩል የሆኑ ክሮችን ስታወዳድሩ ነው።

ሁለተኛ፣ የሎት ቁጥር። ፋብሪካ ክር የሚነክረው በዙር በዙር ነው። የከለሩ ቁጥር አንድ ሆኖ የተነከረበት ዙር ከተለያየ ትንሽ የቀለም ልዩነት ይመጣል። ሱቅ ውስጥ ላይታያችሁ ይችላል፤ ጎን ለጎን ሲሠራ ግን ያጋልጣል። መግቢያው ላይ ያየነው ቦርሳ ላይ መስመር ያወጣው ይሄ ነው። ሎቱ ከተለያየ ደግሞ ሁለቱን ክሮች በየረድፉ እያፈራረቁ መሥራት ልዩነቱን ይደብቀዋል።

ሦስተኛ፣ ክሩ ከምን እንደተሠራ። ወረቀት ከሌለው ወይም ካላመናችሁት ቤት ወስዳችሁ ትንሽ ቁራጭ በእሳት ሞክሩ፤ ብረት ሳህን ላይ፣ በመቆንጠጫ ይዛችሁ፣ ውኃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ እንደተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ለስላሳ አመድ ይተዋል። ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። አክሪሊክና ፖሊስተር ይቀልጣሉ፣ ሲቀዘቅዙ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናሉ። አክሪሊክ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ለአሻንጉሊትና ለኮፍያ አሪፍ ነው። ችግሩ አክሪሊኩን "ንጹሕ ጥጥ" ብሎ በጥጥ ዋጋ መሸጡ ነው።

ለጥቁር፣ ለቀይና ለደማቅ ሰማያዊ አንድ ተጨማሪ ሙከራ አለ፦ ቁራጩን አርጥባችሁ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ጨመቅ አድርጉት። ቀለም ከለቀቀ ከነጭ ጋር አትሥሩት።

ስንት ልግዛ?

የሠራችሁትን ሁሉ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጡና ክብደቱን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ያ ቦርሳ 320 ግራም ከመዘነ፣ ለሚቀጥለው ተመሳሳይ ቦርሳ ባለ 100 ግራም 4 ልቃቂት ያስፈልጋል። 5 ግዙ። አምስተኛዋ ኢንሹራንስ ናት። ከመክፈላችሁ በፊት "ካልተከፈተ መመለስ ይቻላል?" ብላችሁ ጠይቁ። "ይቻላል" የሚል ነጋዴ 10 ብር ቢያስወድድም ደንበኛ ልታደርጉት የሚገባ ሰው ነው።

ዋጋ ለምን ይቀያየራል?

ባለብዙ ከለር የኪሮሽ ክር በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ዋጋው ከዶላር ጋር ይሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ በቀድሞው ዋጋ ትዕዛዝ ተቀብሎ ክሩን ገና ያልገዛ ሰው ትርፉን አጣ። ትምህርቱ ቀላል ነው፦ ቀብዱ ቢያንስ የክሩን ሙሉ ዋጋ ይሸፍን፣ ቀብዱ በገባ ቀን ክሩን በሙሉ ግዙ። "ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ስጨርስ" የሚባል ነገር የለም።

በአጭሩ፣ ጥሩ ሱቅ ማለት ያንኑ ክር ደጋግሞ የሚያመጣ፣ ወረቀቱን የማይደብቅ፣ ያልተከፈተ ዕቃ የሚመልስና ስልክ ስትደውሉ "አለ" ወይም "የለም" ብሎ እውነቱን የሚነግራችሁ ነው። እንዲህ ያለ ሁለት ሱቅ ካላችሁ ይበቃችኋል፤ አንዱ ሲያልቅበት ሌላው አለ።

እናንተስ ከየት ነው የምትገዙት? ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ መቀሌ ያላችሁ ደግሞ የከተማችሁን ንገሩን። ቀብድ ተቀብላ ክር ለመግዛት የምትወጣ ጓደኛ ካላችሁ ዛሬውኑ ላኩላት።