ካንሰርን የሚያበራው ቀለም ምን ይጠቅማል? እኛስ እስከዚያው ምን እናድርግ?

በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰል ቀበሌዎች የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ዓረብ አገር የምትሠራ ልጅ ወይም እህት አለቻችሁ። በስልክ ከሚመጣው ወሬ አንዱ ደግሞ የሕክምና ወሬ ነው። «ለታማሚው ቀለም ይወጉትና ካንሰሩ እንደ መብራት ቦግ ብሎ ይታያል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ወሬው ውሸት አይደለም። ነገር ግን ግማሹን ብቻ የሰማ ሰው «ከብቱን ሸጠን ወደዚያው እንሂድ» ወይም «እሱ እስኪመጣ እንጠብቅ» ብሎ ሊወስን ይችላል። ሁለቱም አደገኛ ውሳኔዎች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ቀለሙ እንዴት ያበራል?

ሱቅ ውስጥ ብር ሐሰተኛ መሆን አለመሆኑን የሚፈትሹበትን ሐምራዊ መብራት አይታችኋል? ኖቱ ከመብራቱ ሥር ሲገባ በተራ ዓይን የማይታየው ምልክት ያበራል። በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጭ ልብስም በዚያው መብራት ያብረቀርቃል። ምሥጢሩ ቀላል ነው። አንዳንድ ንጥረ ነገሮች አንድ ዓይነት ብርሃን ውጠው በምትኩ ሌላ ቀለም ያለው ብርሃን ይመልሳሉ። እነዚህን ነው ፍሎረሰንት ቀለም የምንላቸው።

ከእነዚህ ቀለሞች ታዋቂው ፍሎረሲን ነው። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አዶልፍ ፎን ባየር እ.ኤ.አ. በ1871 ሠራው። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ጆርጅ ሙር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የአንጎል ዕጢን ለመለየት እንደተጠቀመበት ጽፏል። ይህ ቀለም ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዓይን ሕክምና ውስጥ የዓይን ብሌን መቧጨሩ ወይም መቁሰሉ የሚታወቀው ይህንኑ ቀለም ጠብ አድርጎ በሰማያዊ መብራት በማየት ነው፤ ቁስሉ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። በትራኮማ ምክንያት ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይናቸውን ለሚወጋቸው ሰዎች ይህ ምርመራ ትልቅ ጥቅም አለው። ከሰውነት የተቆረጠ ናሙና በማይክሮስኮፕ ከመታየቱ በፊት የሚነከርበት ኢኦሲን የተባለ ሮዝ ቀለምም ከፍሎረሲን የተገኘ ነው።

ለቀዶ ሕክምና ባለሙያው ለምን አስፈለገ?

ዕጢ ሁልጊዜ እንደ ድንች ድቡልቡል ሆኖ አይቀመጥም። አንዳንዱ ሥሩን በጤነኛው አካል ውስጥ ይሰድዳል። ሐኪሙ ብዙ ቢቆርጥ ጤነኛውን ይጎዳል፤ ጥቂት ቢያስቀር በሽታው ይመለሳል። በተለይ በአንጎል ላይ ይህ ከባድ ጭንቀት ነው።

ለዚህ የሚረዳ አንድ መድኃኒት አለ። ታማሚው ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይጠጣዋል። የዕጢው ሕዋሳት መድኃኒቱን ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጡትና በሰማያዊ መብራት ሲታዩ ቀላ ብለው ያበራሉ። በጀርመን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት፣ በዚህ ዘዴ ከታከሙት ውስጥ 65 በመቶ የሚሆኑት በምስል የሚታየው ዕጢ ሙሉ በሙሉ ወጥቶላቸዋል። በተለመደው ነጭ መብራት ከታከሙት ግን 36 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ጎመንና ምስር ከዚህ ምን ያገናኛቸዋል?

የዚህ አምድ ተከታታዮች ፎሊክ አሲድን ታውቁታላችሁ። ጎመን፣ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ውስጥ የሚገኝ፣ ለደምና ለፅንስ የሚያስፈልግ የቫይታሚን ቢ ዘር ነው። ሕዋስ ለመራባት ይፈልገዋል። ካንሰር ደግሞ ያለ ልክ የሚራባ ሕዋስ ስለሆነ፣ አንዳንዱ የካንሰር ዓይነት ይህን ቫይታሚን የሚቀበልበትን በር በላዩ ላይ ያበዛል።

ተመራማሪዎች ይህንን አስተውለው አብሪውን ቀለም ፎሊክ አሲድን ከሚመስል ነገር ጋር አጣበቁት። የካንሰሩ ሕዋስ ምግብ መጣልኝ ብሎ ሲያስገባው ቀለሙም አብሮ ይገባል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይህን ቀለም እ.ኤ.አ. በ2021 ለእንቁልጢ ካንሰር (የሴት እንቁላል ለሚመረትበት አካል ማለት ነው)፣ በ2022 ደግሞ ለሳንባ ፈቅዷል። በእንቁልጢ ካንሰር ላይ በተደረገው ጥናት፣ ከ100 ሴቶች በ27ቱ ላይ በዓይንና በእጅ ያልተገኘ ተጨማሪ ካንሰር ቀለሙ አሳይቷል። ቀለሙ የሚሰጣት ታማሚ ከ48 ሰዓት በፊት ጀምሮ የፎሊክ አሲድ ክኒን እንዳትወስድ ይነገራታል፤ ክኒኑ የቀለሙን ቦታ ይሻማበታልና።

እዚህ ላይ አንድ አደራ አለን። ይህን ሰምታችሁ «ጎመንና ፎሊክ አሲድ ካንሰር ያመጣሉ» እንዳትሉ። ክልከላው ያን ቀለም ለምትወሰድ ታማሚ ለሁለት ቀን ብቻ ነው። ለማርገዝ ያሰበችና ያረገዘች ሴት ፎሊክ አሲዷን ማቋረጥ የለባትም፤ የሕፃኑ አንጎልና አከርካሪ በደንብ እንዲሠራ ይረዳልና።

ቀለሙ የማይችለው

አብሪ ቀለም መድኃኒት አይደለም፤ ካንሰርን አይገድልም። ሥራው ለሐኪሙ ማሳየት ብቻ ነው። ብርሃኑም ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያህል በላይ ጠልቆ ስለማይታይ ሆድ ሳይከፈት ከውጭ ሆኖ በሽታን አይፈልግም። አንዳንዱ ቀለም ለዓይን ስለማይታይ ልዩ ካሜራ ይጠይቃል። ደግሞም ያበራ ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ የተቆረጠው በማይክሮስኮፕ መረጋገጥ አለበት። በአገራችንም የተለመደ አገልግሎት አይደለም። ስለዚህ «ያበራል» በሚል ወሬ ብቻ ከብትና መሬት ሸጦ መነሳት ተገቢ አይሆንም፤ በቅድሚያ እዚሁ መመርመርና ሐኪምን ማማከር ይገባል።

በእጃችን ያለው «ቀለም»

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሁሉ በላይ የሚያጠቃው የጡት ካንሰር ነው፤ የማህጸን በር ካንሰር ይከተላል። ለሁለተኛው ደግሞ እንደዚያ ውድ ቀለም ሳያስፈልግ የታመመውን ቦታ የሚያሳይ ዘዴ በአገራችን አለ። እሱም የአቼቶ አሲድ ነው። ባለሙያዋ በአቼቶ አሲድ የራሰ ጥጥ የማህጸን በር ላይ ታደርጋለች። ከአንድ ደቂቃ በኋላ መለወጥ የጀመረው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። መብራትና የሠለጠነ ዓይን ካለ ይበቃል። የሚታየው ለውጥ ገና ካንሰር ያልሆነ ከሆነ በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ይታከማል፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን ያልቃል። የአገራችን መመሪያ ምርመራውን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመክራል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ከዚያ ቀደም ብለው ይጀምራሉ።

«ሰውነቴን ለወንድ ሐኪም አላሳይም» ብላችሁ የምትቀሩ እናቶችና እህቶች ካላችሁ፣ ሴት ባለሙያ እንድትመድብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። አንድ ላይ ሆናችሁ ብትሄዱ ደግሞ ይቀልላችኋል። ለልጃገረዶች የሚሰጠው የማህጸን በር ካንሰር ክትባትም በአገራችን በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሆናቸው ተጀምሯል፤ በትምህርት ቤት ሲጠራ ልጆቻችሁን አታስቀሩ።

የጡት ካንሰር ግን ቀድሞ የሚታወቀው በራሳችሁ እጅ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ እብጠቱ ስለማያም «ካላመመኝ ምን አለበት» ተብሎ ይታለፋል። ቅጠል ይለጠፍበታል፤ በእሳት ይተኮሳል። ወራት አልፈው ሲቆስል ወደ ሐኪም ይመጣል። ያን ጊዜ የጨረር ሕክምና ቢያስፈልግ ሩቅ መንገድ ነው። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ይህን የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከዓመታት በኋላ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች ቢጀመርም ለወሎ ሰው ቅርብ አይደለም። በጊዜ የተገኘ ትንሽ እብጠት ግን ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

የሚከተሉትን ስታዩ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ሂዱ፦

• በጡት ወይም በብብት ውስጥ የማይጠፋ እብጠት፣ ባያምም፤
• የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ደም ወይም ፈሳሽ ማውጣት፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፤
• ከግንኙነት በኋላ፣ ከወር አበባ ውጪ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሚታይ ደም፤
• ሽታ ያለው የማያቋርጥ ፈሳሽ፤
• ከሳምንታት በኋላም የማይለቅ የሆድ መነፋት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት።

መጀመሪያ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አማክሩ። ጤና ጣቢያው ሪፈር ከጻፈላችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ሂዱ፤ ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ባሎችና ወንድሞችም ኃላፊነት አለባችሁ። የመኪናውን ገንዘብ የያዘው ብዙ ጊዜ የእናንተ እጅ ነውና «እስከ አዝመራው ይቆይ» አትበሉ። ዱዓ ማድረግና መታከም አይጣሉም፤ ሁለቱንም አድርጉ።

ውድ አንባብያን፣ አብሪው ቀለም አንድ ቀን ወደ ሆስፒታሎቻችን ይደርስ ይሆናል። ይሁንና ቀለሙ የሚጠቅመው ከሐኪሙ ፊት በጊዜ ለደረሰች ሴት ነው። ዛሬ ማታ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችሁ አንብቡላቸው። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም!