ከአርሲ ወደ ባሌ በእግር፤ የገሪባ መንገድ

በዩኒቨርሲቲያችን ስለ ጉዞ ወሬ በተነሣ ቁጥር እስያ መጠራቷ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች ከረጢታቸውን በጀርባቸው አዝለው፥ ከኢስታንቡል ተነሥተው በኢራን፥ በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን አድርገው እስከ ሕንድና ኔፓል በየብስ መጓዛቸውን የሰማ ሁሉ ይቀናል። ይሁን እንጂ የዚያ መንገድ ዕድሜ አጭር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1979 የኢራን አብዮት ንጉሡን ጣለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን ገባ፤ መንገዱም ተዘጋ። እኛ ግን ከአሰላ ወደ ምሥራቅ ብንመለከት፥ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው፥ መንግሥታት ሲለዋወጡ ሰው ያልተወው የእግረኛ መንገድ አለን። እርሱም የአርሲን ደጋ አቋርጦ፥ ዋቢ ሸበሌን ተሻግሮ፥ ባሌ ውስጥ ወደሚገኘው ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚያደርሰው ነው።

በዚህ መንገድ የሚሄደው ተጓዥ ገሪባ ይባላል። ሼህ ሁሴን ከሰባትና ስምንት መቶ ዓመት በፊት በባሌ እስልምናን ያስተማሩ ታላቅ ሰው ናቸው፤ መቃብራቸውም በኖራ የነጣ ባለ ጉልላት ሕንፃ ነው። ስፍራው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ዕጩዎች መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2011 ገብቷል። ወደዚያ የሚጎርፈው ሕዝብ በይበልጥ በዓረፋና በነቢዩ ልደት፥ በመውሊድ፥ ይሰበሰባል። ሁሉም እስላም ነው ማለት አይደለም፤ በዋቃ የሚያምነውም ስለቱን ይዞ ይመጣል።

ገሪባውን ከሩቅ የሚያስታውቀው በትሩ ነው። ጫፉ ባላ የሆነ ቀጭን እንጨት ሲሆን የሼህ ሁሴን በትር ይሉታል። (ይኸን የአርሲ ሴቶች ከሚይዙት ከሲንቄ ጋር የሚያምታታ የከተማ ልጅ አጋጥሞኛል፤ ሲንቄ የባለ ትዳር ሴት መብትና ክብር ምልክት ነው፤ ሌላ ነገር ነው።) በትሩን የያዘ ሰው ከወዴት መጣህ፥ ምን ልትሠራ ነው ተብሎ ብዙ አይጠየቅም። ማታ በደረሰበት ደጅ ቆሞ ባህሮ የሚባለውን ውዳሴ ያዜማል፤ ባለቤቱም ያስገባዋል፥ ያበላዋል፥ ያስተኛዋል። የመንገዱ ሆቴልም ባንክም ይኸው ነው።

ስንቅን በተመለከተ የአርሲ ሰው ከሁላችንም ቀድሞ አስቦበታል። ጩኮ የሚባለው፥ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ ታሽቶ የሚዘጋጀው ምግብ፥ እሳት ሳይፈልግ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ጥቂቱም ያጠግባል። ከሱቅ ብስኩት ገዝቶ ከረጢት መሙላት ሞኝነት ነው።

ከባዱ ጥያቄ ምን ልልበስ የሚለው ነው፤ መልሱም በየዓመቱ ይለያያል። በዓሉ የሚቈጠረው በጨረቃ ስለ ሆነ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። በ2016 ዓ.ም. ዓረፋ የዋለው በሰኔ ነበረ፤ ጭቃው የጀመረበት፥ ወንዙም የሚሞላበት ጊዜ ነው። በ2032 ዓ.ም. ደግሞ በታኅሣሥ ይውላል፤ ያን ጊዜ ወንዙ ይጎድላል፥ የደጋው ውርጭ ግን አጥንት ይሰብራል። እንግዲህ አንድ ገሪባ በዕድሜው የዓመቱን ወራት ሁሉ በዚሁ መንገድ ላይ ሊያያቸው ይችላል።

መንገዱ ከአሰላ ወደ ምሥራቅ በሮቤ ዲዳአ በኩል ወደ ሴሩ ያመራል። ሮቤ ሁለት መሆኑን ልብ በሉ፤ አንዱ የአርሲ፥ አንዱ የባሌ ነው፤ በዚህ ስሕተት አውቶቡስ የተሳሳተ ሰው ጥቂት አይደለም። ከሴሩ ወዲያ ደጋው ድንገት ያልቅና ቁልቁለቱ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳል። አሰላ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ግን ተጓዡ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ ቆላ ይገባል። ገብስና ስንዴው ቀርቶ ግራርና ግመል ይታያል፤ ወባም አለ።

ይኸ ወንዝ ነው አርሲንና ባሌን የሚለየው። ወሰኑን ያጸኑት ግን ሹማምንት ናቸው። በ1870ዎቹ ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ከአርሲ ሕዝብ ጋር ለዓመታት ተዋግቶ በ1878 ዓ.ም. ማለቂያ በአዙሌ ድል ካደረገ በኋላ አገሩ በሸዋ መንግሥት ሥር ገባ። አሜሪካዊው አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 ከበርበራ ተነሥቶ ሼህ ሁሴን ሲደርስ የምኒልክ ሹማምንት ወደ ፊት እንዳይሄድ ስለ ከለከሉት፥ ዞሮ በሌላ መንገድ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ ሄደ። ኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አርሲና ባሌ ሁለት ጠቅላይ ግዛቶች ሆኑ፤ ዛሬ ሁለቱም በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ናቸው። ስሚዝ ብዙ ግመልና ጠመንጃ ይዞ ተመለሰ፤ ባላ በትር የያዘው ግን ያልፍ ነበር።

ዛሬ በመኪና የሚሄደው ብዙ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የመኪናው ነገር አይደለም፤ የኛው የተማሪዎቹ ነው። ለሽርሽር የወጣ ተማሪ የገሪባን እንጀራ ሊበላ ይገባዋልን? ባላገሩ የሚያበላው ለበረካ ነው፤ እኛ ስለቱም ዱዓውም የለን። በነፃ ያደሩበትን ቤት እንደ ጀብዱ የሚያወሩ ጓደኞች አሉን፤ በበኩሌ ያሳፍረኛል። ገንዘብ ስጡ እንዳልል ደግሞ ገንዘብ ያስቀይማል።

ባለፈው ዓመት ሦስት ሆነን ሴሩ ሳንደርስ መሸብን። በትር አልያዝንም፤ ባህሮም አናውቅም። አንዲት አሮጊት ግቡ ልጆቼ አሉን፤ ወተት ቀዱልን፥ ከእሳቱ አጠገብ አስተኙን። ጠዋት ብር ብናወጣ ፊታቸውን አዞሩ። ከአሰላ የያዝነው ግማሽ ኪሎ ቡና ትዝ አለንና ሰጠናቸው። እርሱን ደስ ብሏቸው ተቀበሉ፤ መርቀውንም ወዲያው ቆሉት፤ አፍልተውም እስከ ሦስተኛው እኛኑ አጠጡን።